ሽማግሌ የተላከበት የትምህርት ፈቃድ

ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው፤ አለዚያም የተጣላ ለማስታረቅ። ይህን ሐበሻ የሆነ ሁሉ ያውቃል፣ እናቴም ታውቃለች። ታዲያ ምን አግኝቷት ለመሥሪያ ቤቴ አለቃ፣ ያውም በጁምዓ ቀን፣ ያውም ቤቱ ድረስ ሽማግሌ እንደላከች እስከ ዛሬ ስጠይቃት «በደግ ነዋ!» ትለኛለች። በደግ! እስቲ እናንተው ፍረዱኝ።

ስሜ በወረቀት ሐናን ነው፤ በእናቴ አፍ ሐና። ካርቱም ተወልጄ ዴም ሰፈር አደግኩ። አባቴ ሱዳናዊ ነበር፣ የባቡር ሠራተኛ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳልጨርስ ነው የሞተው። እናቴ አስካለ የጎንደር ሰው ናት፤ እዚያው ዴም ውስጥ ፀጉር ቤት አላት። ለሱዳኖቹ ሐበሻ ነኝ፣ ለሐበሾቹ ደግሞ ሱዳን። ከሁለት ያጣ የሚባለው እኔ ነኝ። አማርኛዬን የተማርኩት ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከሚወራው ወሬ ነውና አልፎ አልፎ አረብኛ ጣል ባደርግበት አትቀየሙኝ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ነው። ያኔ በአንድ የማማከር ድርጅት ውስጥ ጀማሪ አጥኚ ነበርኩ። ሥራችን ለዱቄት ፋብሪካው፣ ለባንኩ፣ ለሙጫ ላኪው «እንዲህ ብታደርጉ ያዋጣችኋል» እያሉ መምከር ነው። ገዳሪፍ ድረስ ወርጄ፣ የሰሊጥ ነጋዴ ለነጋዴ እየዞርኩ፣ አቧራ በልቼ ጥናቱን የምሠራው እኔ ነኝ። ጨረታ ሲገባ ግን የባለሙያዎቹ ስምና የትምህርት ማስረጃ አብሮ ይቀርባል፤ ማስተርስ የሌለው ሰው ነጥብ ስለማያስገኝ ስሙ አይገባም። ስለዚህ እኔ የጻፍኩትን ጥናት ሌላ ሰው ከደንበኛው ፊት ቆሞ ያቀርበዋል፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ በፕሮጀክተር የሚታዩትን ሥዕሎች አገላብጥለታለሁ። ይህ እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

መውጫዋ አንድ ብቻ ነበረች። ድርጅቱ በየዓመቱ አንድ ሰው ውጭ አገር ልኮ ማስተርስ ያስተምራል። ደመወዝ አይቋረጥም፣ ወንበርህም ይጠብቅሃል። ግዴታው ተመልሶ ማገልገል ብቻ ነው። ችግሩ፣ ከእኔ በፊት የተላከው ልጅ ማሌዥያ ሄዶ ተማረ፣ ተመረቀ፣ ከዚያ ካርቱም ይመለሳል ሲባል ዶሃ ወርዶ ለሌላ ድርጅት ተቀጠረ። አለቃችን ዶክተር ኢድሪስ ለሳምንታት ሰው ማናገር አስጠልቶት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ አስጠራኝ።

«ያ ሐናን፣ ዘንድሮ የቀራችሁት አንቺና ሙጅተባ ናችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ስትጨርሺ ትመለሻለሽ?»

«ኢንሻአላህ፣ ዶክተር።»

«ያኛውም ኢንሻአላህ ብሎኝ ነበር» አለና መነጽሩን አወለቀ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አሁን ምንም አትበዪ። ከቤተሰብሽ ጋር ተመካከሪና እሁድ ጠዋት ቁርጡን ንገሪኝ።»

ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ሞኟ ቤት ገብቼ ለእናቴ እንዳለ ነገርኳት። ጆሮዋን ቀስራ ስትሰማኝ ቆየችና፣ «ቤተሰብሽን አለ?» አለችኝ።

«ለወጉ ያህል ነው እማዬ። እንዲህ ማለት ልማዳቸው ነው።»

«የለም፣ የለም። አባት እንደሌላት ያውቃል ማለት ነው። ከኋላዋ ማን አለ እያለ ነው።»

«ኧረ እማዬ፣ ሰውዬው የሚፈራው እንዳልቀርበት ነው!»

«እሺ፣ እሺ፣ ብዪና ተኚ» አለችኝ። እናቴ በቀላሉ እሺ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም።

ጁምዓና ቅዳሜ እረፍት ነን፤ ሥራ የሚገባው እሁድ ነው። አርፍጄ ተነሥቼ ፀጉር ቤቱ ስደርስ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ አፍ «እንኳን ደስ አለሽ!» አሉኝ። አንዷ ካስኩ ውስጥ ያለ ጭንቅላቷን አውጥታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ምን ተገኘ?»

«ሽማግሌዎቹ ሄዱልሽ አይደል!»

«የምን ሽማግሌዎች?»

ሁሉም ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ የሰው ፀጉር እየጎነጎነች፣ ቀና ሳትል፣ «ጋሽ ታዬና አባባ ወልዱ ናቸው። ከሶላት መልስ እንዲደርሱ ብዬ ቀደም ብለው ወጡ» አለች።

«የት ነው የሚደርሱት?»

«ካፉሪ ነዋ፣ አለቃሽ ቤት። ደንበኛችን አልማዝ ከሙዲርሽ ቤት አጠገብ ካለው ቪላ አይደል የምትሠራው? ቤቱን እሷ ታሳያቸዋለች። ሰው የሌላት መስለሽው ነው ልጄ። ሰው እንዳለሽ ይወቅ!»

በስመ አብ! ራሴን ይዤ ቀረሁ። ለቀጣሪ ሽማግሌ? ሰውዬው ፒኤችዲውን የሠራው በድርጅት አስተዳደር ነው! ቶሎ ብዬ ጋሽ ታዬ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ተዘግቷል። ለካስ ሽምግልና ሲሄድ ስልክ ማጥፋት ወጉ ነው። አባባ ወልዱ ደግሞ ስልክ የሚባል ነገር ይዘው አያውቁም።

ሮጬ ወጣሁ። በጁምዓ ቀን፣ በሶላት ሰዓት፣ ዴም ውስጥ መጓጓዣ ከመፈለግ በረሃ ላይ ዓሣ መፈለግ ይቀላል። ራክሻዎቹ፣ እናንተ ባጃጅ የምትሏቸው፣ መስጊዱ በር ላይ ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ውስጥ ናቸው። ፀሐይዋ አናቴን እየበላች ሶላቱ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩ። በኋላ ራክሻ ተገኘ፤ ግን ራክሻ ድልድይ አይሻገርም፣ ከድልድዩ ወዲህ አራግፎኝ ተመለሰ። እዚያ አንዲት አምጃድ ሚኒባስ አገኘሁና ተንጠላጠልኩባት።

«ካፉሪ፣ ሐጅ፣ ቶሎ በልልኝ!»

«ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«ሊገድሉኝ ነው!»

ሐጁ ሳቀና መንዳት ጀመረ። ድልድዩን እንደተሻገርን መኪናዋን ጥግ አስይዞ ወረደ። የዓርብ ምሳውን ሐብሐብ ሊገዛ! አንዱን ያነሣል፣ በመዳፉ ይመታዋል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሌላ ያነሣል። «ሐጅ!» ብዬ ስጮህ እጁን አንሥቶ «ሰብር፣ ሰብር» ይለኛል። ታገሺ ማለቱ ነው። በሕይወቴ ሐብሐብ እንደዚያን ቀን ጠልቼ አላውቅም።

ካፉሪ ስደርስ የጋሽ ታዬ አሮጌ ቢጫ ታክሲ ከዶክተሩ ቪላ ፊት ለፊት ቆማለች። ጋሽ ታዬ ካርቱም ታክሲ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው፤ አረብኛው እንደ ውሃ ይፈሳል። አባባ ወልዱ የእናቴ ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ ከሁሉ ታላቅ፣ ከሁሉ ዝምተኛ። በዚያ ቃጠሎ ሁለቱም ነጭ ጋቢ ደርበው ሳሎኑ መሐል ቆመው አገኘኋቸው። ዶክተር ኢድሪስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ከመስጊድ እንደተመለሰ፣ ግራ ገብቶት በየተራ ያያቸዋል።

«ኧረ ተቀመጡ፣ ተፈደሉ!»

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አለ ጋሽ ታዬ።

«እሺ ምኑን?»

«መጀመሪያ እሺ ይበሉን።»

አለቃዬ በሩ ላይ ሲያየኝ የባሰ ተምታታበት። «ሐናን! ሰዎችሽ ናቸው?»

ምን ልበል? አይደሉም ልበል? «ናቸው» አልኩ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ሚስቱ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በትሪ ይዛ ገባች። አባባ ወልዱ እጃቸውን በትሕትና አጣጥፈው አንገታቸውን ነቀነቁ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት ውሃም አይቀምስ። በሱዳኖች ወግ ደግሞ ቤትህ የገባ እንግዳ ሳይጠጣ ከወጣ ተሰድበሃል። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ የሚመጣው ታየኝ።

«ጠጡ እንጂ» አለ ዶክተሩ።

«ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንጠጣም።»

«ጉዳዩን ንገሩኛ!»

ጋሽ ታዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «የዚህችን ልጅ ትምህርት ፈልገን ነው የመጣን። አባቷ ቢሞት አባቶች አላት። ወደ ትምህርቷ ይስደዱልን።»

«ይህ የቢሮ ጉዳይ ነው። እሁድ ይታያል። አሁን ጠጡ።»

«እሺ ይበሉን።»

«ጠጡ!»

«አንጠጣም።»

ያ እንግሊዝ አገር የተማረው፣ ስብሰባ ላይ «በመረጃ ተናገሩ» የሚለው ዶክተር ደሙ ፈላ። «ዐለይ አጥጠላቅ! ይህን ሳትጠጡ ከዚህ ቤት አትወጡም!» ብሎ ማለ። ካልጠጣችሁ ሚስቴን ፈትቻለሁ ማለቱ ነው። ሱዳን እንግዳ ሲያስቸግረው እንዲህ ይምላል፤ የአያቶቹ መሐላ ነው።

ሚስቱ ትሪውን እንደያዘች ዞረች። «ስለ ከርከዴ ነው የምትፈታኝ?»

ጋሽ ታዬ ለአባባ ወልዱ በአማርኛ ሹክ አላቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። «ኧረ በማርያም! ትዳር ልናፈርስ አልመጣንም!» አሉ፤ ግን አሁንም አልተቀመጡም። «እንግዲያስ እሺ ይበለንና እንጠጣለት» አሉ።

ዶክተሩ ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጋቢዎቹን አየ። ትከሻው ወረደ። «ኸላስ! በቃ፣ እሺ። ሐናን ትሄዳለች። እሁድ እፈርማለሁ። በአላህ ጠጡልኝ።»

ሰማችሁ? እሄዳለሁ ተባለ! ይሄ ሁሉ ቅሌት፣ ይሄ ሁሉ ሩጫ፣ ሊሳካ ነው ማለት ነው? እናቴ አውቃ ኖሯል ማለት ነው? ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ከርከዴውን ጨለጡ፣ የሰውየው ትዳር ተረፈ። እዚያ ላይ ተነሥተን ብንወጣ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ግን እሺ ተብሎ ሳይመረቅ ይወጣል? አባባ ወልዱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ሁላችንም ተነሣን። እጃቸውን ዘረጉና መመረቅ ጀመሩ፤ ጋሽ ታዬ ቃል በቃል ወደ አረብኛ ይመልሳል።

«የኔ ጌታ፣ እጅዎን ይባርክልን።»

«አሜን» አልን።

«ለዚህች ልጅ በር እንደከፈቱላት ለልጆችዎ በር ይክፈትላቸው።»

«አሜን!» ዶክተሩም ከልቡ «አሚን» አለ።

«ወጥታ ይቅናት።»

«አሜን።»

«በሄደችበት እግሯን ይትከልላት። ወደዚህ ነዲድ ፊቷን አይመልሳት።»

«አሜን።»

«ከዚያም ካናዳ ያግባት። እናቷንም ትውሰድ።»

«አሜን!»

አንባቢዎቼ፣ ዴም ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት የለም። ካርቱም ላለ ሐበሻ ይህ አገር መተላለፊያ ነው፤ ሕፃን ሲወለድ እንኳ «መውጫውን ያሳየው» ተብሎ ነው የሚመረቀው። ከልጅነቴ ጀምሮ በየበዓሉ የምሰማው ይህንኑ ነው። ትርጉሙን አስቤበትም አላውቅ፤ ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ አፌ በራሱ አሜን ይላል። ጋሽ ታዬ ደግሞ አንዲት ቃል እንኳ ብትወድቅ ምን ነበረበት? የለም! «ወደዚህ ነዲድ ፊቷን አይመልሳት» የምትለዋን ይበልጥ አሳምሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተረጎማት።

ዶክተር ኢድሪስ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ካናዳ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ ዝም ብሎ…»

«አንቺም አሚን አልሽ፣ ያ ሐናን።»

«አሜን የሚባለው ለወጉ ነው…»

«ኢንሻአላህም ለወጉ ነው የሚባለው» አለኝ። ከዚያ እኔን ትቶ ሽማግሌዎቹን እስከ ግቢው በር በክብር ሸኛቸው፣ ሚስቱም ቴምር ቋጥራ ሰጠቻቸው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለእኔ በሩ ላይ «እሁድ እንነጋገራለን» ብቻ አለኝ።

ታክሲው ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሠርግ የበሉ መሰሉ።

«ተሳካ!» አለ ጋሽ ታዬ መሪውን እየመታ። «በከርከዴ ያዝነው!»

«ገደላችሁኝ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ። «ማን ጠየቃችሁ? ማን ካናዳ አለ?»

«ምነው ልጄ፣ መረቅን እንጂ ረገምን?»

«እመለሳለሁ ብዬው ነበር! ሰውዬው የሚፈራው እሱኑ ነው!»

ጋሽ ታዬ በመስታወቱ አየኝና ሳቀ። «ጎበዝ! እንዲያ ነው የሚባለው። ለሙዲር እመለሳለሁ ነው የሚባል።»

«እውነቴን ነው ጋሼ!»

«አዎና፣ እውነትሽን ነው» አለና ጠቀሰኝ።

ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ። ያኔ ነው አባባ ወልዱ ከፊት ወንበር ዞረው ትኩር ብለው ያዩኝ። እሳቸው አልሳቁም። «የምርሽን ነው?» አሉኝ።

«የምሬን ነው አባባ።»

«ለምን?»

ሊያሽሟጥጡኝ አልነበረም፤ በእርግጥ ስላልገባቸው ነው የጠየቁኝ። ትመለሻለሽ ወይ ያለኝ ብዙ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ግን እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። እስከ ዴም ድረስ ጥያቄያቸውን ሳገላብጥ ሄድኩ።

ፀጉር ቤቱ ስደርስ ደንበኞቹ ፊቴን አይተው አንድ በአንድ ውልቅ አሉ። አንዷ ግማሽ ራሷ ሳይጎነጎን ነው የሄደችው። የሆነውን ሁሉ ለእናቴ ዘረገፍኩላት። እሷ የምትጠይቀኝ ግን ሌላ ነው።

«ሲመርቁሽ አሜን አላልሽም?»

«አሜን በማለቴ ነው የተበላሸው እማዬ!»

«አሜን ካልሽማ ይደርስልሻል።»

«እኔ መቅረት አልፈልግም! ተምሬ ልመለስ ነው የምፈልገው። ስሜ ጥናቱ ላይ እንዲወጣ ነው። ማን ነው ካርቱምን ትልቀቅ ያለው?»

ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። «እኔ እዚህ የመጣሁት ላልፍ ነበር» አለች። «አብረውኝ ድንበር የተሻገሩት አንዷ አውስትራሊያ ናት፣ አንዷ ካናዳ። እኔ አባትሽን አገኘሁ፣ አንቺ መጣሽ፣ ቀረሁ። አይቆጨኝም፤ አባትሽ ደግ ሰው ነበር። ግን ሰው በሰው ምክንያት ሲቀር ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚኖር አውቃለሁ። አንቺ እለፊ።»

«ወዴት ነው የማልፈው? እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት! ላንቺ መንገድ ነው፣ ለእኔ ቤቴ ነው!»

ማበጠሪያዋን አንሥታ የተጠመጠመበትን ፀጉር ትለቅም ጀመር። ቅዳሜን ሳንነጋገር ዋልን። እኔ ስልኬን እያየሁ፣ ለዶክተሩ መልእክት እየጻፍኩ እየሰረዝኩ። ያችን መንገድ ካጣሁ የሚቀጥለው ዓመት ሌላ አዲስ ተመራቂ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ከኋላ ተቀምጬ ሥዕል ሳገላብጥ አረጃለሁ።

እሁድ ጠዋት የዶክተሩ ቢሮ ገባሁ። እሱ ቀድሞ ተናገረ።

«ወላሂ ሽማግሌዎችሽን ወድጃቸዋለሁ። እሺ ብያቸውም ነበር። ግን እኔ አንዴ ተነድፌያለሁ፣ ያ ሐናን። የገዛ ሰዎችሽ አትመለስ ብለው ዱዓ ሲያደርጉልሽ ሰማሁ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላል የእናቴ አገር ሰው። ገብቶኛል። ይቅርታ ልጠይቅ፣ ላስረዳ፣ ልለማመጥ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሙጅተባን ጠይቀኸዋል?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ትመለሳለህ ወይ ብለህ።»

«ሙጅተባ ወልድ በለድ ነው» አለ መነጽሩን እየወለወለ። የአገር ልጅ ነው ማለቱ ነው።

«እኔስ?»

ዝም አለ። ያ ዝምታ ከካናዳው ምርቃት የባሰ አቃጠለኝ።

«ዶክተር፣ ማሌዥያ ሄዶ የቀረብህ ሐበሻ ነበር? የእሱ አያቶች እዚሁ ኦምዱርማን ናቸው! እናቴ ሰፈር ስሄድ፣ ትወጣለች፣ አትመለስም ይሉኛል። እዚህ ስመጣ አንተም ትወጣለች፣ አትመለስም ትለኛለህ። ሁላችሁም ተስማምታችኋል፤ እኔን የጠየቀኝ የለም! ሽማግሌ ሲመርቀኝ አሜን የምለው አስተዳደጌ ነው፤ አንተ ስትጠይቀኝ ኢንሻአላህ የምለውም አስተዳደጌ ነው። ቃሌን ከፈለግህ ቃሌ ይኸው፦ እመለሳለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም፣ ለማንም ብዬ አይደለም። እኔ የሠራሁትን ጥናት እኔ ራሴ ቆሜ እዚሁ ከተማ ውስጥ ላቀርበው እፈልጋለሁ። ለሙጅተባ የምታስፈርመውን ውል አስፈርመኝ። አንድ መስመር ብትጨምርበት ግን አልፈርምም።»

ከሥራ እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ዶክተር ኢድሪስ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ሙጅተባን ጠራው። ሙጅተባ ሳንድዊች በእጁ ይዞ ገባ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፋት የሚባል አያውቅም።

«ሙጅተባ፣ ብልክህ ትመለሳለህ?»

ሙጅተባ የጎረሰውን ዋጠ። «ወላሂ ዶክተር፣ እንደ ሁኔታው ነው። ወንድሜ ሪያድ ጥሩ ቦታ አለ ይለኛል። ካልተገኘ እመለሳለሁ።»

ዶክተሩ ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። «ውጡልኝ» አለ። «ሁለታችሁም ውጡልኝ!»

ሳምንቱ ሳያልቅ ውሉ መጣልኝ። እንዳልኩት ነበር፣ ከሌላው አንድ መስመር አልተጨመረበትም። ሙጅተባ ደግሞ ፈቃዱንም ሳይጠብቅ ሪያድ ገባ፤ እስከ ዛሬ በበዓል በበዓሉ ሰላም ይለኛል።

ሄድኩ፣ ተማርኩ፣ ተመለስኩ። የተመለስኩበት ቀን ኤርፖርት የጠበቁኝ እናቴ፣ ጋሽ ታዬና አባባ ወልዱ ነበሩ፤ ሦስቱም ፊታቸው የለቅሶ ቤት ፊት ነው። እናቴ እንኳን ደህና መጣሽ አላለችኝም። «ምን አጥተሽ መጣሽ?» አለችኝ ሻንጣዬን እየተቀበለች። በማግስቱ ሴቶቹ ፀጉር ቤቱን ሞሉት፤ ሊጠይቁኝ መሰለኝ። ለካስ እናቴን ሊያጽናኑ ነው። «አይዞሽ አስካለ፣ ለበጎ ነው። ሌላ ጊዜ ይሳካላታል።» ማስተርሴን ይዤ፣ ሥራዬ እየጠበቀኝ፣ ከሰው አገር ተባርሬ የመጣሁ ይመስል ከንፈር መጠጡልኝ! ምን ልበላቸው? ተውኳቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት መሥሪያ ቤታችሁ ሊያስተምራችሁ አስቦ «ትመለሻለሽ? ትመለሳለህ?» እያለ እያፋጠጣችሁ ይሆናል። ምክር መስጠት ሥራዬ ነውና አንድ በነፃ ልስጣችሁ። ሰው ደስ እንዲለው ብላችሁ አትመልሱ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ለሱዳኑ ሱዳን የሚወደውን፣ ለሐበሻው ሐበሻ የሚወደውን እየመለስኩ ኖሬ፣ ሁለቱም አላመኑኝም። የአባባ ወልዱን «ለምን?» ግን ለራሳችሁ ጠይቁ። እኔ መልሱን ያገኘሁት ከተናደድኩ በኋላ ነው፤ እናንተ ሳትናደዱ ብታገኙት ይሻላል። ሽማግሌ የመላክ ሐሳብ ያላት እናት ካለቻችሁ ደግሞ፣ በእግዚአብሔር፣ አለቃችሁ የት እንደሚኖር አትወቅ።

በተመለስኩ በሳምንቱ፣ የመጀመሪያ ጥናቴን በስሜ ለደንበኛ አቅርቤ ማምሻውን ፀጉር ቤቱ ገባሁ። ደንበኞቹ ሄደዋል። እናቴ ወለሉን እየጠረገች ነበር። መጥረጊያውን ይዛ ቆመችና ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ለእኔ ብለሽ ነው የተመለስሽው?»

የፈራችው ይህን ኖሯል። ያን ሁሉ ቀን ፊቷን ያጠቆረው ይህ ነበር።

«አይደለም እማዬ» አልኳት። «ለራሴ ነው።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጣችና ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ።

«እንግዲያማ እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ።